ፍቅሩ ነበረ፤ ሰውየው ግን አልነበረም

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት። የምትኖረው ከሦስት ፊሊፒናውያን የሥራ ባልደረቦቿ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። ሴቶቹ ከሥራ ሲመለሱ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው የሚያዩት የታይላንድ ተከታታይ ድራማ አለ። እሷም መጀመሪያ እንቅልፍ እየነሷት፣ ቀጥሎ ምን ይሆን የሚያዩት በማለት፣ እየቆየ ደግሞ ከእነሱ እኩል እየጓጓች ማየት ጀመረች። አንድ ማታ ደወለችልኝና፣ «ጋሼ፣ አንተ ስለ ድራማ ትጽፍ የለ? እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችኝ። «ሁለት ወንዶች ይፋቀራሉ። ከዚያ አንደኛው ‹እኔ እኮ ወንድ አልወድም፤ የምወደው አንተን ብቻ ነው› ይለዋል። በየድራማው እንዲሁ ነው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም። ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ስለ ገፀ ባሕርይ አሳሳል ያጠናሁት ሁሉ በዚያ ጥያቄ ፊት አልረዳኝም። አንድ ሰው ይህን የሚያህል ነገር በልቡ ተሸክሞ፣ «እኔ ማነኝ?» ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ክፍል እንዴት ይዘልቃል? ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ማታ ማታ ድራማዎቹን ከመነሻቸው እያየሁ፣ ስለ እነሱ የተጻፈውንም እያነበብኩ ቆየሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተገኘ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ጉዳዩ በእኛ አገር በሕግ የሚያስቀጣ፣ በየቤተ እምነቱም የተወገዘ መሆኑ አልጠፋኝም። ርዕሱን ለዝግጅት ክፍሉ ሳቀርብ እንኳ ድምፄን ዝቅ ማድረጌ ትዝ ይለኛል። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ታይላንድ ነው፤ የማነሳውም የድርሰት ጥያቄ ነው። አንድ ሕዝብ አብረውት የሚኖሩ ሰዎችን በድራማው ሲስል ምን ሰጣቸው? ምንስ ነፈጋቸው?

የውጭ ሰው ታይላንድን በዚህ ረገድ እንደ ገነት መቁጠር ይቀናዋል። በእርግጥ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርገው ድንጋጌ ከሕጓ የወጣው ገና በ1956 ነው። የአገሩ ሰዎች ግን ሌላም ያስታውሳሉ። በ1996 ማብቂያ ላይ ራጃባት የሚባሉት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ምክር ቤት እነዚህ ሰዎች በተማሪነት እንዳይገቡ አግዶ ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛበት በተከታዩ ዓመት እገዳውን አነሳ። ነገሩ የአእምሮ ሕመም አለመሆኑን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በይፋ ያሳወቀው በ2002 ነው። ሳይታሰሩ መኖር ነበረ፤ እንደ ሌላው ሰው መቆጠር ግን ገና ነበር።

በድራማውም ይኸው ይታያል። «ላኮን» በሚሉት የታይላንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ካቶይ የማይታጣ ገፀ ባሕርይ ነው። ካቶይ ማለት ወንድ ሆኖ ተወልዶ እንደ ሴት የሚለብስ፣ የሚናገርና የሚኖር ሰው ነው። ድርሻውም የታወቀ ነው፤ የዋናዋ ገፀ ባሕርይ ጓደኛ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጮክ ብሎ የሚናገርና የሚያስቅ፣ እናት ትኑረው አትኑረው ግን የማይታወቅ። የማያስቅ ከሆነ ደግሞ የሚያስለቅስ ነው። በ1985 ፒሳን አካራሴራኒ ያዘጋጀው «የመጨረሻው ዘፈን» የተባለ ፊልም፣ የፓታያ መድረክ ዝነኛ የሆነች ካቶይ አፍቅራ ስትከዳና ራሷን ስታጠፋ ያሳያል። በ2000 የወጣው «የብረት እመቤቶች» በበኩሉ በ1996 የአገሪቱን ሻምፒዮና ያሸነፈውን የላምፓንግ የወንዶች መረብ ኳስ ቡድን እውነተኛ ታሪክ ይዞ ተመልካቹን በሳቅ አፈረሰ። ከሳቁና ከሬሳ ሣጥኑ መሀል ያለው ሰፊ ቦታ፣ ሰው ማለዳ ተነስቶ ሥራ ሄዶ ማታ የሚገባበት ኑሮ፣ ብዙም የሚነካው አልነበረም።

የነካው ፊልም በኖቬምበር 2007 መጣ። ስሙ «የሲያም ፍቅር» ነው፤ ደራሲውም አዘጋጁም ቹኪያት ሳክቪራኩል። ማስታወቂያው ላይ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ቆመው ስለሚታዩ፣ ሰው የተለመደ የጉርምስና ፍቅር አገኛለሁ ብሎ ነበር የገባው። የገጠመው ሌላ ነው። ቶንግና ሚው የልጅነት ጎረቤታሞች ናቸው። የቶንግ ታላቅ እህት ወደ ቺያንግ ማይ ለሽርሽር እንደሄደች ትጠፋለች፤ ቤተሰቡ ሰፈር ይለቃል፤ አባትየው መጠጥ ላይ ይወድቃል፤ እናትየው ቤቱን በጥርሷ ነክሳ ትይዛለች። ልጆቹ ከዓመታት በኋላ ባንኮክ መሀል ሲያም አደባባይ አካባቢ ይገናኛሉ።

በበኩሌ ከዚህ ፊልም የማልረሳው የመሳሳሙን ትዕይንት አይደለም። ቤተሰቡ ካቶሊክ ነው፤ እናትና ልጅ የገና ዛፍ ያስጌጣሉ። ልጁ የወንድና የሴት አምሳል ያላቸውን ሁለት ጌጦች በእጁ ይዞ የትኛውን ልስቀል ብሎ እናቱን ይጠይቃል። አንድ ልጇን ያጣች፣ ሁለተኛውን እንዳታጣ ስትል ከሚወደው ልጅ የለየችው እናት ናት። ላንተ የሚሻልህን ምረጥ ትለዋለች። አንድም የታወጀ ነገር የለም፤ ጌጥ ነው፣ ዛፍ ነው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሞተች ልጅ፣ የሰከረ አባት፣ የደከመች እናት፣ የሚፈራ ወንድ ልጅ ሁሉም አሉ። በስተመጨረሻ ቶንግ ሚውን እወድሃለሁ ግን አብሬህ መሆን አልችልም ብሎት ይለያያሉ። ፊልሙ ሰዎቹን ሙሉ አድርጎ ሠራቸው፤ ፍቅሩን ግን ከለከላቸው።

የታሪኩን ጉድ እዚህ ላይ አየዋለሁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ሲያነሳ ነገሩን ገለበጠው። ፍቅሩን ሳይሰስት ሰጠ፤ ሰዎቹን ወሰደ።

በ2013 መጨረሻ ታይላንድ ሃያ አራት የንግድ ዲጂታል ቴሌቪዥን ፈቃዶችን በጨረታ ሸጠች። ጣቢያው ሲበዛ የአየር ሰዓቱን የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል፤ ወጣቱ ተመልካች ደግሞ ፊቱን ወደ ኢንተርኔት አዙሯል። በዚያው በ2014 ቻናል 9 «ላቭ ሲክ» የተባለውን ድራማ አቀረበ። መነሻው በኢንተርኔት በየክፍሉ ይለቀቅ የነበረ ልቦለድ ነው። ፑን የተማሪዎች ምክር ቤት ጸሐፊ ነው፤ ኖህ የሙዚቃ ክበብ ሊቀ መንበር። የክበቡ በጀት ተቆርጧል። የፑን አባት ልጁን ከማይፈልጋት ልጅ ጋር ሊያጣምሩት ይፈልጋሉ። እህቱ አባትዋን እንድታስተውለት የወንዶችን የፍቅር ታሪክ ማንበብ ስለምትወድ፣ ፑን ኖህን፣ «ፍቅረኛዬ መስለህ ታይልኝ፤ እኔ በጀታችሁን አስመልሳለሁ» ይለዋል።

አንባቢ ይህችን እህት በደንብ ያስተውልልኝ። ጥንዶቹ የተፈጠሩት እሷ እንድታያቸው ነው። ታሪኩ ሳያውቀው የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ አሳየን።

እህትየው ብቻዋን አይደለችም። በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ወጣት ሴቶች፣ እነ ሞቶ ሃጊዮና ኬይኮ ታኬሚያ፣ ስለ ሁለት ወንድ ልጆች ፍቅር የሚተርኩ የሥዕል ልቦለዶች ለሴት አንባቢ ይሠሩ ነበር። ከዚያ ተከትሎ የመጣው «ያኦይ» የሚለው ስም በጃፓንኛ የሦስት ሐረጎች ምህፃረ ቃል ነው፤ ጡዘት የለውም፣ መቋጫ የለውም፣ ትርጉም የለውም ማለት ነው። ፈጣሪዎቹ በራሳቸው እየቀለዱ ያወጡት ስም ነው። ነገሩ ታይላንድ ሲደርስ «ዋይ» በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ተጠራ፤ አንባቢዎቹ «ሳው ዋይ» ይባላሉ፣ የዋይ ልጃገረዶች እንደማለት። ለእነዚህ አንባቢዎች ታሪኩ የሚያስገኘውን ነገር አቅልሎ ማየት አይገባም። በሚያውቁት ድራማ ሁሉ ሴቲቱ ስትመታ፣ ስትጠለፍ፣ ስታለቅስ ነው የሚያዩት፤ እዚህ ግን ራሳቸውን ሳያስመቱ ፍቅርን ማየት ይችላሉ። ሁለቱ ወንዶች ታዲያ የዚያች አንባቢ ሕልም ናቸው፤ የማንም ጎረቤት አይደሉም። ሕልም ደግሞ አባትና እናት፣ የቤት ኪራይ፣ ያለፈ ሕይወት አያስፈልገውም።

«ላቭ ሲክ»ን ያለ አግባብ መንቀፍ አልፈልግም። ትወናው ጥሬ ነው፤ የልጆቹ ጥሬነት ግን የእውነተኛ ተማሪ ቤት ጠረን አለው። የዩኒፎርሙ፣ የኮሪደሩ፣ የበጀቱ ክርክር የሚታመን ነው። ሁለቱም ሴት ጓደኞች አሏቸው፤ የሴቶቹም ሐዘን ሐዘን ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው ቀመሩን ያደረቁት።

ቀመሩ በ2016 «ሶተስ» በተባለው ድራማ ላይ ወግ ሆኖ ቆመ። ሶተስ በታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን የሚያንገላቱበት ሥርዓት ስም ነው፤ ታላቅነት፣ ሥርዓት፣ ትውፊት፣ አንድነት፣ መንፈስ የሚሉ የአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ምህፃር። ርዕሰ ጉዳዩ እጅግ እውነተኛ ነበር፤ ሥርዓቱ በአገሩ ብዙ አስወቅሷል። ኮንግፖብ የተባለው አዲስ የምህንድስና ተማሪ የአንገላቾቹን አለቃ አርቲትን በሰው ፊት ይሞግታል። የምህንድስና ተማሪዎች መለያ የሆነውን የጥርስ ማርሽ እንዴት አድርገህ ታገኛለህ ሲባል፣ አርቲትን ሚስቴ አደርገዋለሁ፣ የሚስት ንብረት የባልም ነውና ብሎ ይመልሳል። ተሰብሳቢው ያውካካል። ይህች ንግግር ለዓመታት የዘውጉን ትከሻ ተጭና ኖረች። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ «ባል» አንዱ «ሚስት» መሆን አለበት፤ ባሉ ረዘም፣ ደፋር፣ ዝምተኛ፤ ሚስቱ ነጣ፣ ተቆጪ፣ አፋር። የገፀ ባሕርይ አሳሳል የሚባለው ነገር ወደ ቁመትና ወደ ቁጣ ወረደ።

እውናዊነቱስ? ከዚያ ወዲህ የመጡትን ድራማዎች ያየ ሰው በባንኮክ የሚኖረው የምህንድስና ተማሪ ብቻ ይመስለዋል። ተማሪ ነው ይባላል እንጂ ደብተር ሲገልጥ አይታይም። ብቻውን የሚኖርበት ሰፊ አፓርታማ አለው፤ የሚከፍልለት ሰው አይታወቅም። ወላጆች ውጭ አገር ናቸው፣ ወይም በስልክ ድምፅ ብቻ ናቸው፣ ወይም ጭራሽ የሉም። በመሀል አንዱ የስፖንሰሩን ክሬም ፊቱ ላይ ቀብቶ ስለ ጥቅሙ ያብራራል። (ለዚህ እንኳ ተመልካቹ ለምዶ በፍቅር ይስቃል፤ እኔም በስተመጨረሻ ሳቅሁ።)

በ2020 ከየካቲት እስከ ግንቦት የታየው «ቱጌዘር» ቀመሩን ለዓለም አደረሰ። ሰዉ በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱ ተዘግቶ ነበርና በዩቲዩብ ከትርጉም ጽሑፍ ጋር የተለቀቀው ድራማ ከማኒላ እስከ ላቲን አሜሪካ ተመልካች አገኘ። ታሪኩ ግን የአክስቴን ልጅ ጥያቄ እስከ ጥጉ የሚያደርስ ነው። ታይን የተባለውን መልከ መልካም ተማሪ ግሪን የሚባል ልጅ ያሳድደዋል። ግሪን ወንድ እንደሚወድ አይደብቅም፤ አነጋገሩ የተቅለሰለሰ፣ እጁ የማያርፍ፣ የሚያስቅ ልጅ ነው። ታይን ከእሱ ለማምለጥ ሳራዋት የተባለውን ጊታር ተጫዋች ፍቅረኛዬ መስለህ ታይልኝ ይለዋል። እዚህም እንደ «ላቭ ሲክ» ፍቅር የሚጀምረው በማስመሰል ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ ይኸውና፦ ከመነሻው ማንነቱን በግልጽ የሚናገረው ሰው የሚሸሽ ቀልድ ሆነ፤ ጀግኖቹ ደግሞ «እኔ እንደሱ አይደለሁም» የሚሉት ሆኑ። የላኮኑ ካቶይ ስሙን ለውጦ ተመለሰ።

ይህ የድርሰት ጉድለት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። «አንተን ብቻ» የምትለው ሐረግ ለሳው ዋይዋ ልጃገረድ የፍቅር ሁሉ ጫፍ ናት፤ ፆታን እንኳ የተሻገረ ፍቅር። በዚያው ከተማ ለሚኖረው፣ ለአንድ ሰው ብሎ ሳይሆን እንዲያው እንደዚያ ለሆነው ወጣት ግን ሌላ ትናገራለች፤ በአገሪቱ እጅግ የተወደደው ድራማ ስለ እሱ ኑሮ እያወራ እሱን የለህም ይለዋል። ይህን የታይላንድ ተቺዎችም ራሳቸው ደጋግመው አንስተውታል።

ማስመሰሉ ከስክሪኑ ወጥቶም ተዋናዮቹን ተከተለ። በታይኛ «ኩ ጂን» የሚል ቃል አለ፤ «ኩ» ጥንድ ነው፣ «ጂን» ደግሞ ማሰብ፣ በምናብ መሳል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጭራው ተቆርጦ የተወሰደ። የምናብ ጥንዶች ማለት ነው። ድራማው ካለቀ በኋላ ሁለቱ ተዋናዮች በማስታወቂያ፣ በዘፈን መድረክ፣ በአድናቂዎች መገናኛ አዳራሽ አብረው ይዞራሉ፤ ይተቃቀፋሉ፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ገቢው ከዚያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከሴት ጋር ሲሄድ ከታየ የተከዳ ያህል የሚቆጣ አድናቂ አለ። አንድ ገፀ ባሕርይ ሙሉ ሰው ሳይሆን ሲቀር፣ ጎዶሎውን እንዲሞላ የሚጠየቀው የተዋናዩ ሕይወት ነው።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል፤ በደካሞቹ ድራማዎች ውስጥ እንኳ እውነቱ ያለው እዚያ ነውና። በታይኛ «እኔ» እና «አንተ» ብዙ ናቸው። ለማያውቁት ሰው በትሕትና «ፖም» እና «ኩን» ይባላል። እኩዮች፣ የልብ ጓደኞችና የሚሰዳደቡ ሰዎች «ኩ» እና «መንግ» ይባባላሉ፤ ለሌላ ሰው ቢወረወር ጠብ ያነሳል። ታላቅ «ፒ» ይባላል፣ ታናሽ «ኖንግ»። የአክስቴ ልጅ ታይኛ አታውቅም፤ ግን፣ «ይሄ ‹ፒ፣ ፒ› የሚሉት የኛ ጋሼ ማለት ነው አይደል?» ብላ የያዘችው በጆሮዋ ነው። ከዚህ የሚለየው ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑ ነው፤ ጋሼንም እትዬንም ያጠቃልላል። ኮንግፖብ አርቲትን በአደባባይ ሲሞግተውም ሆነ በኋላ ሲያፈቅረው «ፒ» ማለቱን አይተውም። ድፍረቱና አክብሮቱ በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። የእንግሊዝኛው ትርጉም ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል ጨፍልቆ ያልፈዋል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መሻገር ምን ያህል ልብ እንደሚያስመታ ለሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ግን፣ ግማሹ ታሪክ እዚያ ውስጥ ነው።

ቀመሩ በነገሠበት በ2016 ዳር ላይ ሌላ ነገርም ይሠራ ነበር። «ጌይ ኦኬ ባንኮክ» የተባለው የኢንተርኔት ድራማ የተዘጋጀው ለኤች አይ ቪ መከላከያ ዘመቻ ነው፤ አዘጋጁ ጆጆ ቲቻኮን። ሰዎቹ ጎልማሶች ናቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ይቀናናሉ፣ ይዋሻሉ፣ ምርመራ ይፈራሉ። «አንተን ብቻ» የሚል የለም። ከትልልቆቹ ድራማዎች ጋር ሲነጻጸር ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን በሩ የተከፈተው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

ከዚያ በኦክቶበር 2020 «ለፀሐይ መጥለቂያ ስላንተ ነገርኳት» መጣ። አምስት ክፍል ብቻ ነው፤ አዘጋጁ ናሩቤት ኩኖ፣ ቦታው ባንኮክ ሳይሆን ፑኬት ደሴት። ቴ የሆኪየን ኑድል የምትሸጥ እናት ልጅ ነው፤ የኦ ኤው ቤተሰቦች የመዝናኛ ሆቴል አላቸው። ስሙ ራሱ የፑኬት ሰው በበጋ የሚበላው በበረዶ የሚቀርብ ጣፋጭ ስም ነው፤ እንደዚህ ያለ ስም የሚያወጣ ደራሲ አገሩን ያውቀዋል። ሁለቱ በልጅነት ተጣልተው ተለያይተዋል፤ ዳግም የሚገናኙት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቻይንኛ በሚያጠኑበት ማስጠኛ ቤት ነው። እዚህ ሰዎቹ በእውነት ያጠናሉ! ቃላት በካርድ ጽፈው ይሸመድዳሉ፤ የፈተና ውጤት ያስለቅሳቸዋል፤ ቴ ለኦ ኤው ሲል ያገኘውን የዩኒቨርሲቲ ቦታ ሲለቅ፣ የሚለቀው የእናቱን የኑድል ድስት ላብ ጭምር ነው። ቴ ደግሞ ራሱን ይጠይቃል። ይሸሻል፣ ይዋሻል፣ የሴት ጓደኛውን ይጎዳል፣ በመጨረሻ ታላቅ ወንድሙ ፊት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የአክስቴ ልጅ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱን ያገኘው እዚህ ነው እላለሁ። ይህ ሰውዬ የኑድል ሻጭዋ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ የሚፈራውም እሷን ማሳፈር ነው።

በ2021 መጨረሻ የጀመረው «ባድ በዲ» ቀመሩን ከውስጥ ሆኖ ቀለደበት። አዘጋጁ ኖፓናት ቻይዊሞል ነው። እንደ ተለመደው አንዱ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ሌላው የሥነ ሕንፃ። ጓደኞቻቸው እንደ ልማዳቸው ባልና ሚስት ሊሏቸው ሲሞክሩ ግን አይቀበሉም። ቤተሰቦቻቸው ጎረቤታሞች፣ በንግድም ባላንጣዎች ናቸው፤ የጠቡ ሥር ወላጆቹ ወጣት ሳሉ የተፈጸመ በደል ነው እንጂ የልጆቹ ወንድ መሆን አይደለም። እኔን የማረከኝ አጨራረሱ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላም ፓትና ፕራን በወላጆቻቸው ፊት እንደ ባላንጣ ይተውናሉ፤ ወላጆቹም ያውቃሉ፤ እያወቁ እንዳላወቁ ይሆናሉ። ማንም ተንበርክኮ አይባረክም፣ ማንም ከቤት አይባረርም። ስንት ቤት በዚህ ዓይነት ዝምታ ቆሞ እንደሚውል አንባቢ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን በአኑቻ ቡንያዋታና የተዘጋጀው «ኖት ሚ» ካሜራውን ወደ አደባባይ አወጣው፤ ገፀ ባሕርያቱ የጋብቻ እኩልነት በሚጠይቅ ሰልፍ መሀል ይታያሉ። የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ድራማው ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በኖቬምበር 2021፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጋብቻ የወንድና የሴት ነው የሚለው የሕግ አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን አይጻረርም ብሎ ወስኖ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥንድ በአድናቂ አዳራሽ ሲጨበጨብለት፣ ከስክሪኑ ውጭ ያለው ጥንድ ሆስፒታል ውስጥ ለታመመ አጋሩ እንደ ባለቤት ሆኖ መፈረም፣ ሲሞትም መውረስ አይችልም ነበር። በመጨረሻ ሕጉን የለወጡት ለዓመታት የተሰለፉና ረቂቅ ያዘጋጁ ሰዎች ናቸው፤ ለድራማዎቹ ይህን ውለታ መስጠት ለእኔ ማጋነን ነው። ረቂቁ በማርች 2024 በተወካዮች ምክር ቤት በ400 ድምፅ ለ10፣ በጁን በሴኔቱ በ130 ለ4 አለፈ፤ ከጃኑዋሪ 23 ቀን 2025 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

በመሀሉ፣ በ2023፣ የ«ባድ በዲ»ው አዘጋጅ ኖፓናት አንድ ስምንት ክፍል ያለው ድራማ ይዞ መጣ። በታይኛ ስሙ በጨረቃና በዶሮ ሩዝ የተቀለደ የቃላት ጨዋታ ነው፤ እኔ «የጨረቃዋ ዶሮ ቤት» እለዋለሁ። ቦታው ፓታያ ነው፤ ያቺው በ1985 ካቶይዋ ራሷን ያጠፋችባት ከተማ። ጂም ተማሪ አይደለም። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ሌሊት ሌሊት የተቀቀለ ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ ሰው ነው። የእህቱን ልጅ ያሳድጋል፤ ልጁ አይሰማውም። የሱቁ ኪራይ አንገቱን ይዞታል። ቀድሞ አፍቅሮ የተጎዳ ስለሆነ አዲስ ሰው ሲመጣ አይፈነድቅም፤ ይደክመዋል። ወንድ እንደሚወድ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዶሮውን ይበላል። የእህቱ ልጅ ሊ ሚንግ ደግሞ መስማት የተሳነውን ጎረቤቱን ሃርትን ይወዳል፤ ወላጆቹ እንኳ ያልተማሩለትን የምልክት ቋንቋ ለእሱ ብሎ ይማራል። እዚህ ቤት ውስጥ ትልቁ ችግር ማን ማንን መውደዱ አይደለም። ማን ከማን ጋር መነጋገር መቻሉና ወሩ መድረሱ ነው።

ቀመሩ አልሞተም፤ የምህንድስና ተማሪዎቹ ዛሬም አሉ፣ ክሬሙም ይቀባል። ጥሩዎቹም ቢሆኑ ያለ እነዚያ ፋብሪካዎች ገንዘብና ያለ ልጃገረዶቹ ጩኸት አይሠሩም ነበር፤ የጂምን ሚና የተጫወተው ተዋናይ ራሱ የምናብ ጥንድ ሆኖ በየአዳራሹ የሚዞር ነው።

የዶሮ ቤቱን ድራማ ለአክስቴ ልጅ የጠቆምኳት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ደወለች። ፊሊፒናውያኑ ስለ ሁለቱ ወጣቶች ሲያለቅሱ አምሽተዋል። «እኔ ግን ጋሼ» አለችኝ፣ «የሱቁ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ኪራዩን ጨመሩበት፤ ልጁ ደግሞ ገና ትምህርቱን አልጨረሰም። ሱቁን ያስለቅቁት ይሆን?» ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አገር ኪራይ የከፈለች ልጅ ናት። ሦስት ክፍል እንደቀራት ነገርኳትና ስልኩን ዘጋን።